ከዳር የሚጨልም ሜዳ

ሰመራ ላይ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት መንገድ ላይ የሚታይ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ መኪናው ተበላሽቶበታል። የቀረው ሁሉ ጥላና ማራገቢያ ወዳለበት ገብቷል። በዚያ ሰዓት ከከተማው ቤቶች ሁሉ ጢም ብሎ የሚሞላው የፈንታ ጌም ቤት ነው፤ ቢሮዎቹ ቢቀየሙም እውነቱ ይኸው ነው። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ፣ ቆርቆሮው ላይ ሰሌን የተደረበበት አንድ ክፍል ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ መኪናው እስኪጫን የሚጠብቀው ረዳት፣ ሁሉም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ከሚጫወተው የሚከራከረው ይበዛል።

ክርክሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የምንጊዜም ምርጥ ጌም የትኛው ነው? በሌላ ከተማ ሰው በኳስ ቡድን ይጣላ ይሆናል፤ እዚህ ቤት ግን የሚኳረፉት አንደኛና ሁለተኛ ሲያወጡ ነው። ዳኛው ደግሞ ፈንታ ነው። አርባን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ጢሙን ሳይላጭ የሚከርም ሰው ነው። በሌላ በምንም ጉዳይ ድምፁን አያነሣም፤ በጌም ደረጃ ከመጡበት ግን እንደ ጠበቃ ይሟገታል።

“ጋሽ ፈንታ፣ እስቲ አምስቱን ንገረን” ይለዋል ሀብተ ሥላሴ። ሀብተ ሥላሴ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ከጎጃም መጥቶ ሙቀቱን እየረገመ ዓመታት የተቀመጠ፣ ይሄዳል ሲሉት የማይሄድ ደንበኛ።

“አንደኛ ኢለቨን።”

“ያ አሮጌው? በጃፓንኛ የሚጮኸው የኳስ ጌም?”

“እሱ ራሱ።”

“ኧረ ሰው ይታዘበናል! ኢንተርኔት ላይ ስንት ደረጃ አንብቤያለሁ፣ የአንተ አንደኛ ሃምሳ ውስጥም የለም።”

“እነዚህ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሰዎች ከማሉዲንን ገጥመው ያውቃሉ?”

ቤቱ በሳቅ ያልቃል፤ ሀብተ ሥላሴም አብሮ ይስቃል። ፈንታ ግን ቀልዱን አይደለም። ሥዕሉ ቢያምር፣ ድምፁ ቢጠራ እሱ ደንታ የለውም። “ስትጫወተው አጠገብህ ማን ነበር?” ብሎ ይጠይቃል፤ ብቻዬን ነበርኩ ያለ ሰው ጌሙ እዚያው አለቀለት፣ ደረጃ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ፈንታ አምስቱን ሲቆጥር የሰማ፣ ሳያውቀው የሰውየውን ሕይወት ሰማ ማለት ነው።

አምስተኛው ቴትሪስ ነው፤ ያውም በባትሪ የሚሠራው፣ በእጅ የሚያዘው፣ ጡብ የሚደረደርበት። የፈንታ አባት ለጥጥ ለቀማ ከወሎ ዱብቲ ወርዶ እዚያው የቀረ የቀን ሠራተኛ ነበር። የሠራተኞቹ ካምፕ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሰኢዳ የምትባል ሴት ነበረች፤ ልጇ ከማሉዲን የፈንታ እኩያ ነው። አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ለከማሉዲን ያመጣለት መጫወቻ የሁለቱም ሆነ። ሕጉ ቀላል ነበር፤ ጡቡ አናት ላይ የደረሰበት ለሌላው ያቀብላል። የፈንታን አባት ወባ የገደለው ሰሞን ከማሉዲን አዘነለትና አውቆ ተሸንፎ መጫወቻውን ሰጠው። ፈንታ ነቃበት። ተነሥቶ መጫወቻውን የመስኖው ቦይ ውስጥ ወረወረው።

ከዚያ ስንት ጊዜ ተኳርፈው ከረሙ። ሲታረቁ ሰኢዳ ፊት ተማማሉ፤ ከእንግዲህ አንዱ ለሌላው አውቆ ላይሸነፍ። የልጅ መሐላ ነው ብሎ መሳቅ ይቻላል። እነሱ ግን አግብተውም ወልደውም አላፈረሱትም። ፈንታ ነገሩን ሲያስረዳ፣ አባት የሌለው ልጅ መሆኑን የነገረው ለቅሶው ሳይሆን ያ ጨዋታ ነው ይላል። ሰው ካዘነለት ከጨዋታ ወጥቷል፤ እንደዚያ ነው የተሰማው፤ ከዚያም ወዲህ ሌላ አልተሰማውም።

አራተኛው ኮንትራ ነው፣ ሁለት ሆነው እየተኮሱ የሚያልፉበት፤ እሱን ደግሞ አዋሽ ሰባት ነው የተጫወተው። ፈንታ ጎልማሳ ሲሆን ከዱብቲ ወጥቶ እዚያ ከከባድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለ ጌም ቤት ተቀጠረ። አንድ ቀን አንዲት ቆፍጣና ወጣት ከትምህርት የቀረ ወንድሟን በጆሮው ልትጎትት ገባች። ወንድሟ በጓሮ ሾለከ፤ እሷ ሙቀቱ ጥሏት ተቀመጠች፤ ፈንታ ጆይስቲክ አቀበላት። ነፍስ ባለቀባት ቁጥር ከእሱ ነፍስ እየተበደረች እስኪመሽ ተጫወተች። ስንቅነሽ ትባላለች። ሚስቱ ከሆነች በኋላ ይህን ታሪክ አጥብቃ ትክዳለች፤ ወንድሜን ፍለጋ ነው የቆየሁት ትላለች። ወንድሟ ግን እቤቱ ደርሶ እራቱን በልቶ ነበር።

ሦስተኛው ጂቲኤ፣ ሳን አንድሪያስ የሚሉት ነው። ስንቅነሽ ሰመራ አንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ስትቀጠር ተከትሏት መጥቶ የራሱን ጌም ቤት ከፈተ። ልጃቸው መቅደላዊት ያኔ ገና ትንሽ ነበረች። ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ መኪና በሚሰረቅበት በዚያ ጌም ውስጥ ቀይ መብራት ላይ እንዲቆም ታስገድደው ነበር። ፖሊስ እያባረረው፣ ጥይት እየተተኮሰበት ይቆማል። ደንበኞች እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። አሁን መቅደላዊት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ናት።

ሁለተኛው ቴከን ነው። እሱ የቤቱ ጌም ነው፤ ሀብተ ሥላሴ ምንም ሳያውቅ ቁልፉን ሁሉ እየደበደበ የሚያሸንፍበት። አንደኛው ኢለቨን ነው፤ የከማሉዲን። ከማሉዲን አድጎ ሹፌር ሆነ፤ አዋሽ ሰባት ትዳር መሥርቶ ጅቡቲ ይመላለሳል። አሮጌውን ማሽን ከጅቡቲ በጋቢናው ያመጣው እሱ ነው። ሲወርድም ሲወጣም ሰመራ ላይ መኪናውን ያቆማል፣ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሄዳል። ሌላው ሰው አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይጫወት፤ ያ አሮጌው ለሁለቱ ብቻ ነው።

ፈንታ ላይ የመጣው ነገር የጀመረው በዚሁ ጌም ቀኝ ክንፍ ነው። ተጫዋቹ መስመር ይዞ ሲሮጥ ድንገት ይሰወርበታል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ አርጅቷል አለ፤ ትልቅ ገዛ። ትልቁ ላይ ባሰበት። ከዚያ ፀሐዩ ነው አለ፣ አቧራው ነው አለ። ቀጥሎ የበሩ መቃን ትከሻውን፣ የሰው ጉልበት እግሩን ይመታው ጀመር፤ ስንቅነሽ እጁን ይዛ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል የሚያጨልም፣ የጨለመው የማይመለስ፣ ግን ማታ ማታ ጠብታ ከተደረገ ባለበት ሊቆም የሚችል። ጠብታውን ሙቀት እንዳያገኘው ብሎም አስጠነቀቀው። ፈንታ ይህን በጥሞና ሰማ። ጥሞናው ነው ጉድ የሠራው።

የቤታቸው ፍሪጅ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ ሳጥን ይሞቃል፤ ስለዚህ አላመነውም። እሱ የሚያምነው አንድ ቦታ ነበረው። ሰመራ ላይ ጌም ቤት የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ማሽን ማቀዝቀዝ ነው። ፈንታ ማሽኖቹን ብሎኬት ላይ ከፍ አድርጎ፣ ፊታቸው እርጥብ ጆንያ ሰቅሎ፣ ማራገቢያውን በጆንያው በኩል ይለቅባቸዋል። የሌላው ቤት ማሽን ሙቀቱ በባሰ ቁጥር ሲቃጠል የእሱ አንድም አልሞተም። እንግዲህ ማሽን ያልሞተበት ቦታ መድኃኒት አይሞትም ብሎ ጠብታውን እዚያው በማሽኖቹ መሃል አስቀመጠው። ከፊት ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽን ግን ሲሠራ ከኋላው የሚተነፍሰው እሳት ነው። ጠብታው ቀኑን ሙሉ ሲቀቀል ይውላል፣ ማታ ፈንታ አንጋጦ ያደርገዋል።

ከወራት በኋላ ለቀጠሮው ሲመለስ ሐኪሙ ዓይኑን አየ፤ ደግሞ አየ። ጠብታውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠየቀው። ፈንታ በኩራት ነገረው። ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ለወራት ሲያደርግ የከረመው ከውኃ እንደማይሻል አስረዳው። ቸል ብሎ ቢሆን ራሱን ይሰድብ ነበር፣ ይወጣለት ነበር። እሱ ግን አንድ ማታ እንኳን ሳያሳልፍ ነው ያደረገው። እስከ ዛሬ ሲያስበው አንጀቱ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

አሁን የቀረችው ብርሃን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ናት፤ ሐኪሙ እሷም ብዙ አትቆይም ብሎታል። ደንበኞቹ አያውቁም። እነሱ የሚያዩት የፈንታ ደረጃ መለዋወጡን ነው። ጂቲኤ ወጣ፤ መኪናው ከጎን እየመጣ ይገጨዋል። ኮንትራ ወጣ፤ ጥይቱ ከዳር ነው የሚመጣው። ቴከን ብቻ ጸና፤ ሁለቱ ተደባዳቢዎች መሃል ላይ፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ይቆሙለታል።

“ጋሽ ፈንታ ጉቦ በልቷል!” ይላል ሀብተ ሥላሴ። “የዛሬ ዓመት ሦስተኛ የነበረውን የት አደረስከው?”

“ሰለቸኝ” ይላል ፈንታ።

ከሁሉ አስቀድሞ መውጣት የነበረበት ኢለቨን ነበር፤ ሙሉ ሜዳ፣ ሃያ ሁለት ሰው። እሱን ግን ማንም ቢለምነው ከአንደኛነት አያወርደውም። ቤቱን ዘግቶ ብቻውን በጆሮው ይለማመደው ጀመር። የጃፓንኛውን ተናጋሪ አንድ ቃል አያውቅም፤ ግን ኳሷ መሃል ስትሆን እንዴት እንደሚያጉተመትም፣ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ድምፁ እንዴት እንደሚቀጥን ለይቶ ያውቃል። የተመልካቹ ጩኸት ሲያብጥ ይመታል። አንዳንዴ ይገባለታል። ያን ጊዜ ጨለማው ውስጥ ብቻውን ፈገግ ይላል።

ከማሉዲን ይህን ሁሉ አላየም። የሚነዳው መኪና አዋሽ ለጥገና ቆሞ ከርሞ ነበር፤ በስልክ ብቻ ነበር የሚገናኙት። አሁን መኪናው ተሠርቶ ዓርብ ይመጣል። ፈንታ ከዚህ ዓርብ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ቀዳዳዋ ሳትዘጋ ከከማሉዲን ጋር አንድ የእውነት ጨዋታ። ማሸነፍ አይደለም። ስድስት ለዜሮ ቢሸነፍ ደስታው ነው። ብቻ ከማሉዲን እንደ ድሮው ሳይምረው ይጫወተው።

“ንገረው እንጂ” አለችው ስንቅነሽ ዋዜማውን። “ወንድምህ ነው እኮ። ከወንድም ይደበቃል?”

“ወንድሜ ስለሆነ ነው። ካወቀ ያዝንልኛል፣ ካዘነልኝ ደግሞ አይጫወተኝም።”

“አንተ ሰውዬ! ዓይንህ እየጠፋ ስለ ጌም ታስባለህ?”

“ስለ ጌም አይደለም ስንቅዬ።”

አለቀሰች። ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም፤ እሱ ግን ሰማት። ከዚያ አልናገርም ብላ ማለችለት።

ዓርብ ከማሉዲን ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ መጣ። ፈንታ ደንበኞቹን በሰበብ አስወጥቶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግቶ ተቀምጦ ነበር። የመኪናውንም የሰውየውንም ድምፅ ከሩቅ ለይቶታል፤ ከማሉዲን በር ላይ ሳይደርስ ነው ሰላምታ የሚጀምረው።

“አሰላሙ አለይኩም! ይሄ ሽማግሌ አለ? ስንቅዬ፣ እህቴ፣ እንዴት ነሽ? መቅደላዊትስ?”

“አለ! ሊያሸንፍህ ተሰናድቶ!” አለ ፈንታ ተነሥቶ። ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተመታቱ። ከማሉዲን ከአዋሽ ያመጣውን ቴምር በፌስታል ይዞ ከጎኑ ዘረጋለት። ፈንታ አልተቀበለም። ፌስታሉ አየር ላይ ቆየ። ስንቅነሽ ፈጥና “እኔ ልያዘው” ብላ ወሰደችው። ከማሉዲን ወሬውን አቋረጠ፤ ከዚያ ቀጠለ፤ የጥገናውን ጣጣ፣ የመንገዱን ንፋስ፣ የልጆቹን ነገር።

ተቀመጡ። ማሽኑ ተከፈተ፣ ጃፓናዊው መለፍለፍ ጀመረ።

“ወላሂ ዛሬ አልምርህም” አለ ከማሉዲን።

“እስቲ!”

የከማሉዲን አውራ ጣት የሹፌር ጣት ነው። ቁልፍ ሲጫን ጎማ የሚፈታ ይመስላል፤ ኳሷ ውጭ ወጥታ እንኳን ዝም አይልም፣ መነካካት ልማዱ ነው። ፈንታ በቀዳዳዋ ኳሷን ይዞ ትንሽ ሄደ፣ ጠፋችበት። ቁልፎቹ ተንጫጩ። ጃፓናዊው ጮኸ። አንድ ለዜሮ።

“በላህ!” አለ ከማሉዲን።

ፈንታ ልቡ በደስታ ዘለለች። አላወቀም ብሎ አሰበ። ሁለተኛው ሲገባበት ሰደበው። ሦስተኛው ሲገባበት ከልቡ ሳቀ፤ ስንት ወር ሰው ሁሉ እጁን ይዞ፣ ቀስ በል፣ ተጠንቀቅ ሲለው ከርሞ፣ ይኸው አንድ ሰው ያለ ርኅራኄ እየደበደበው ነው። በኋላ ረጋ ሲል ነው ያስተዋለው፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሲገባ ከማሉዲን “በላህ” አላለም። ጣቱ ይጮኻል፣ እሱ ግን ዝም ብሏል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፈንታ መሃል ላይ አንድ ኳስ ነጠቀ። ወደ ፊት ገፋት። ከቀዳዳዋ ወጣችበት፤ እሱ በጆሮው ተከተላት። ተናጋሪው ድምፁን ማቅጠን ጀመረ፣ ተመልካቹ አበጠ። ከማሉዲን አሁን ነው ተከላካይ የሚያመጣው፣ አሁን ነው በረኛውን የሚያስወጣው። ፈንታ የቁልፎቹን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ጣቶቹ ቆመዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ቆመው የማያውቁት ጣቶች ጸጥ አሉ። ፈንታ መታው። ሜዳው በጩኸት ተናጋ።

“ጎል! አገባህብኝ! ወላሂ፣ ምን ዓይነት ጎል ነው ፈንታዬ!” አለ ከማሉዲን፤ ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረበት።

ፈንታ ጆይስቲኩን እንደያዘ ቀረ። አለቀ፣ ወጣሁ አለ በልቡ። እንደ መሐላቸው ቢሆን ጆይስቲኩን አስቀምጦ መነሣት፣ “አውቀህ ነው” ማለት ነበረበት። አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ግን የከማሉዲን ትንፋሽ ከአጠገቡ ይቆራረጣል፤ ትልቅ ሰው አፉን ይዞ ሲያለቅስ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ከቴምሩ ጀምሮ አውቋል። አውቆም ለመሐላው ሲል በማያይ ወንድሙ ላይ ሦስት ጎል አስገብቷል፤ አራተኛውን አልቻለም። ፈንታ ከራሱ ይልቅ ለእሱ አዘነ።

“ጎል!” ብሎ ጮኸ፤ ሁለት እጆቹን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። “አየኸኝ? በቀኝ በኩል አታለልኩህና! አየሽ ስንቅዬ?”

“አየሁ” አለች ስንቅነሽ ከበሩ። “አየሁ፣ ግሩም ነው።”

“ዛሬስ አሸማቀቅከኝ” አለ ከማሉዲን። ሦስቱም ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀባቸው።

ጨዋታው ካበቃ በኋላ ከማሉዲን መሄድ አለብኝ አለ። “ስመለስ የዚያችን ጎል ብድር እመልሳለሁ፣ ኢንሻአላህ።” ፈንታ እሺ አለው። ከዚያ በዳበሳ የከማሉዲንን ጆይስቲክ ከማሽኑ ነቀለ፣ ገመዱን በእርጋታ ጠቀለለ፣ ድምፁ ወዳለበት አቀበለው።

“ለልጆችህ ውሰድላቸው።”

ከማሉዲን በሁሉ ነገር የሚከራከር ሰው ነው። ከፈንታ እጅ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳን ሳይጣላ ተቀብሎ አያውቅም። ማሽኑን ያመጣው እሱ ነው፤ ያለ ሁለተኛ ጆይስቲክ ሁለት ሰው እንደማይጫወት ከማንም በላይ ያውቃል። ፈንታ “ምን ነካህ፣ መልሰው!” እንዲለው እጁን ዘርግቶ ጠበቀ።

“እሺ” አለ ከማሉዲን፣ ተቀበለው።